መስከረም ወይስ የካቲት? በመንዝና በአካባቢው ደጋ የበግ መውለጃ ወቅት አመራረጥ

በግ አርግዛ እስክትወልድ አምስት ወር ይፈጅባታል፤ በቀን ሲቆጠር 150 ገደማ። ግልገሉ ውርጭ ላይ ይውደቅ ወይስ ለምለም ሣር ላይ የሚለው ነገር እንግዲህ የሚቆረጠው ከአምስት ወር በፊት፣ አውራው ከሴቶቹ ጋር በተቀላቀለበት ሰሞን ነው። በብዙ ቤት ግን ይህ ቀን ማንም ልብ ሳይለው ያልፋል። አውራው ዓመቱን ሙሉ ከመንጋው ጋር ይውላል፣ ከመንጋው ጋር ያድራል፤ ግልገልም በሐምሌ ጭቃ፣ በታኅሣሥ ውርጭ፣ በግንቦት ረሃብ እንደመጣ ይመጣል። የሞተው ሲሞት "ዕድሉ ነው" ተብሎ ይታለፋል። እኔ በዚህ አልስማማም። መውለጃ ወሩን መምረጥ ይቻላል፤ ሲመረጥም ብዙ ግልገል ይተርፋል።

ይህን የምጽፈው ከአሥር እስከ ሠላሳ በግ ይዘው፣ ገብስና ባቄላ እያረሱ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ባለ ደጋ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ነው፤ በመንዝ፣ በጣርማ በር፣ በባሶና ወራና ላሉ። የበልግ ዝናብ የሌለበት አገር ያላችሁ የወሩን ስሌት እንደ አገራችሁ አድርጉት።

አውራውን ዓመቱን ሙሉ መልቀቅ

ነባሩ መንገድ ይህ ነው፤ ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። በደንብ የበላች በግ በስምንት ወር አንዴ፣ ማለትም በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ለማዳበሪያ፣ ለልጅ ደብተር፣ ለድንገተኛ ሕመም ገንዘብ ሲያስፈልግ በየትኛውም ወር ለገበያ የደረሰ አንድ ጠቦት አይጠፋም። ሦስት ወይም አራት በግ ብቻ ያለው ሰው በዚሁ ቢቀጥል አልወቅሰውም።

በጉ ሲበዛ ግን ጉዳቱ ያመዝናል። ማን መቼ እንደምትወልድ ስለማይታወቅ ድርቆሽ የሚቆጠብላት፣ ጉረኖ የሚጸዳላት በግ የለችም። የሦስት ወር ግልገል ከሦስት ቀን ግልገል ጋር አንድ ላይ ሲያድር ትንሹ ይረገጣል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አውራው የገዛ ልጆቹን ማጥቃቱ፣ ማለትም መስረሩ ነው። ሴት ግልገል በስድስትና በሰባት ወሯ ድራት፣ ማለትም የአውራ ፍላጎት፣ ሊታይባት ይችላል፤ አካሏ ሳይጠና ታረግዝና እሷም ቀጭጫ ትቀራለች፣ ልጇም ደካማ ሆኖ ይወለዳል።

መስከረምና ጥቅምት ላይ ማስወለድ

አውራው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ከሴቶቹ ጋር ይሆናል። ግልገሎቹ ክረምቱ ሲወጣ ይደርሳሉ፤ ሣሩ በየቦታው ነው፣ የእናቲቱ ግት ይሞላል። ቤት ውስጥ አንዲት ጥቅል ድርቆሽ የሌለው ሰው እንኳ በዚህ ሰሞን የምታጠባ በግ ማቆየት አያቅተውም። ግልገሉ በሁለትና በሦስት ሳምንቱ ሣር መነጨት ሲጀምር የሚነጨው አለው። ገብሱ ታጭዶ ሲነሣ ደግሞ ቃርሚያው ይደርስለታል።

የዚህ ወቅት ድካሙ ከመውለጃው በፊት ነው። ፅንሱ ከሚያድገው አብዛኛው የሚያድገው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው፤ እነሱ ደግሞ የሚውሉት ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ ላይ ነው። አገሩ አረንጓዴ ስለሆነ ሰው በጎቹ የጠገቡ ይመስለዋል። ነገር ግን ማሳው ሁሉ ተዘርቷል፣ በጎቹ ዳገት ላይ ወይም ረግረግ ዳር ተወስነዋል፣ ዝናቡ ሲጠና ግማሽ ቀን ሳይሰማሩ ይውላሉ፣ ሣሩም ውኃ የበዛበት ነው። እርጉዟን ጎትታችሁ ወገቧን ዳስሱ፤ ጠጉሯ ወፍራም ነውና ዓይን ይሸውዳል። ከጀርባ አጥንቷ ግራና ቀኝ ሥጋ ከሌለና አጥንቱ እንደ መጋዝ ጥርስ እጅ ላይ ከተሰማ፣ ያቺ በግ ስትወልድ ወተት አይኖራትም። ለእንዲህ ያለችው በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም ፉርሽካ ከኑግ ፋጉሎ ጋር፣ እሱ ከሌለ የተፈጨ ገብስ ወይም የጠላ አተላ መስጠት ይገባል። የአረቄ አተላ የምትሰጡ በጥቂት በጥቂቱ አስለምዷቸው፤ ትኩሱንም አትስጡ።

ረግረጉ ሌላም ጣጣ አለው። የጉበት ትል የሚተላለፈው ውኃማ ቦታ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነውና በክረምት እዚያ የጋጡ በጎች መስከረም ሲጠባ ትሉን ይዘው ነው የሚወልዱት። መድኃኒቱን ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግራችሁ ስጡ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባለሁ፦ አውራው ከሴቶቹ ጋር ባለበት ሰሞንና ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ወር አልቤንዳዞል የተባለውን የትል መድኃኒት አትስጡ። በእርግዝናው መጀመሪያ ላይ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ከዚያ ውርጭ አለ። መስከረም መጨረሻ የተወለደ ግልገል ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሁለትና ሦስት ወር ሆኖታል፤ ከዚህ ዕድሜ የደረሰ ጠንካራ ግልገል፣ ማደሪያው ደረቅ ከሆነ፣ የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ሌሊት ይችለዋል። ኅዳር ውስጥ የተወለደው ግን በጣም ይቸገራል። ስለዚህ ይህን ወቅት የምትመርጡ አውራውን ከግንቦት መጨረሻ አታሳልፉት።

ጥር መጨረሻና የካቲት ላይ ማስወለድ

አውራው መስከረም 1 ይገባል፣ ጥቅምት 10 ገደማ ይወጣል። ሴቶቹ በዓመቱ ምርጥ ሥጋቸው ላይ ያሉበት ጊዜ ስለሆነ አብዛኞቹ ወዲያው ያረግዛሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ቃርሚያ እየለቀሙ ይከርማሉ። ሲወልዱ ምድሩ ደረቅ ነው፤ ጭቃ የለም፣ ትሉ ቀንሷል፣ የሌሊቱ ቁርም እየላላ ነው። የጥር መጀመሪያ ሌሊት አሁንም ጨካኝ ነውና አውራውን ከጳጉሜን በፊት እንዳታስገቡ። ግልገሉ ሣር መብላት በሚጀምርበት ወር፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ በልግ ከዘነበ አዲስ ሣር ያገኛል።

በልግ ከዘነበ! ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ወቅቶች በልግን ይፈልጋሉ፤ በልግ ሲከዳ የሚያስከፍሉት ዋጋ ግን ይለያያል። መስከረም ላይ ለማስወለድ ያሰበ ሰው በልግ ቢቀርበት ሴቶቹ ስለሚከሱ ሚያዝያና ግንቦት ላይ የሚያረግዙት ያንሳሉ። ያጣው ገና ያልተፀነሰ ግልገል ነው፤ እናቶቹ ተርፈውለታል። የካቲት ላይ ያስወለደ ሰው ግን በልግ ሲቀር ግልገሎቹ ተወልደዋል፣ እናቶቹ ያጠባሉ፣ ሣር የለም። መጀመሪያ ወተቱ ይነጥፋል፣ ከዚያ ግልገሉ ይሞታል፣ ቀጥሎ እናቲቱ ትወድቃለች። ደጋው ላይ በልግ እንደ ድሮው አይታመንም፤ ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ጥቅምት ላይ ወጥታችሁ የድርቆሹን ክምር እዩት። ለሚያጠቡት በጎች ሁሉ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መጨረሻ የሚበቃ ድርቆሽ፣ ወይም የአጃና የቬች መኖ፣ ወይም በአጥር ዙሪያ የተተከለ በቂ ትሪ ሉሰርን የተባለ የመኖ ዛፍ ካላችሁ የካቲት ከመስከረም ይሻላል። ደረቅ አገር ላይ የተወለደ ግልገል ሳንባው እምብዛም አይታመምም፣ ዕድገቱም አይቋረጥም። ክምሩ ትንሽ ከሆነና የገብስ ጭድ ብቻ ካለ መስከረምን ምረጡ። ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ወተት አይሆንም።

ክምሩ ባለበት ቤት ሁለቱን ማጣመርም ይቻላል። ግንቦት ላይ ሳታረግዝ የቀረችው በግ ዓመት ሙሉ ከምትጠብቅ መስከረም ላይ እንደገና ከአውራው ጋር ትገናኝ። ትልቁ መንጋ በአንዱ ወቅት፣ ያመለጡት ጥቂቶች በሌላው ይወልዳሉ። ጥቂቶች ስለሆኑም ድርቆሹ ይበቃቸዋል።

ገበያውን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ሁለቱም በዓል ይደርስላቸዋል። መስከረም የተወለደው ለቀጣዩ እንቁጣጣሽና መስቀል ዓመት ይሞላዋል፤ የካቲት የተወለደው ለገና አሥራ አንድ ወር፣ ለቀጣዩ ፋሲካ ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ይሆነዋል። አረፋ በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስለሚመጣ ለእሱ የሚያስቡ በየዓመቱ ማስላት አለባቸው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ማስወለድን ግን በየትኛውም የገበያ ስሌት አልመክርም። እርጥብ ጉረኖ፣ ብርድና የሳንባ ምች አንድ ላይ የሚመጡት ያኔ ነው።

ስለ ቀን አቆጣጠር አንድ ነገር ልጨምር። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ስሌቱ ቀላል ነው፤ አውራው ያጠቃበትን ቀን ይዞ አምስት ወር ወደ ፊት መቁጠር ነው። መስከረም 5 የተጠቃች የካቲት 5 ገደማ ትወልዳለች። ጳጉሜን በመሃል ከገባች ግን አምስት ቀን ቀንሱ፦ ሚያዝያ 20 የተጠቃችው መስከረም 20 ሳይሆን መስከረም 15 ገደማ ናት። ጥቂት ቀን ወዲህ ወዲያ ቢል አትደንግጡ። ቀኑን በር ላይ በከሰል የሚጽፉ ቤቶች አሉ፤ ጥሩ ልማድ ነው።

አውራውን በምን እንያዘው?

ወቅት መርጦ አውራውን መያዝ ካልተቻለ ሁሉም ከንቱ ነው። ለብቻው አስሮ መቀለብ በጣም አስተማማኙ መንገድ ነው፤ ነገር ግን መኖና ሰው ይፈልጋል፣ የታሰረ አውራም ድራት ሲሸተው ገመድ ይበጥሳል። ሁለተኛው ከሆዱ ሥር የሚንጠለጠል የቆዳ ወይም የወፍራም ሸራ መከለያ ማሰር ነው። በኬንያ ማሳዮች ይህን ለብዙ ዘመን ሲሠሩበት ኖረዋል። ርካሽ ነው፤ አውራው ከመንጋው ጋር ይውላል፣ ቢወጣባትም አይደርስባትም። ሆኖም በየቀኑ መፈተሽ አለበት፤ በዝናብ ሲርስ የአውራው ገላ ይላጥና ይቆስላል፣ ከተንሸራተተም ዋጋ የለውም።

ሦስተኛውና እኔ የማስቀድመው የጋራ አውራ ነው። ግጦሹ የጋራ በሆነበት አገር የራሴን አውራ ብይዝ የጎረቤቴ አውራ በጎቼን ሜዳ ላይ ያገኛቸዋል። በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ በደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ድጋፍ የተቋቋሙት የዝርያ ማሻሻያ ማኅበራት የሚሠሩት እንዲህ ነው፦ አባላቱ ከግልገሎቻቸው መካከል የተሻሉትን ወንዶች ይመርጣሉ፣ የተመረጡት አውራዎች በቡድን ይያዛሉ፣ ከቡድን ቡድንም ይዘዋወራሉ። አንድ አውራ ለ25 እስከ 30 ሴት ይበቃል። ማኅበር በሌለበትም አንድ ሜዳ ላይ የሚያሰማሩ አምስት ስድስት ቤቶች በዕድራቸው ወይም በማኅበራቸው ቀን ተስማምተው ወሩን ሊወስኑ ይችላሉ። የማይፈለገው ወንድ አምስት ወር ሳይሞላው ወይ ተለይቶ ይታሰር ወይ ይኮላሽ፤ ለፋሲካ ሙክት ሆኖ ይወጣል። ከቡድኑ አንዱ ቤት አንድ ወጣት አውራ ደብቆ ቢያሰማራ የሁሉም ስሌት ይፈርሳልና ስምምነቱ ላይ ጠንከር ማለት ያስፈልጋል።

የት ትውለድ?

ሜዳ ላይ መውለድ በመስከረም ፀሐይ ንጹሕና ጥሩ ነው፤ እረኛው ነቅቶ ከጠበቀና ቀበሮ ከሌለ። ጉረኖ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር መውለድ ሙቀት አለው፣ ነገር ግን መረጋገጥና ቆሻሻ አለ። በእኔ ምርጫ ምጥ የጀመረችው፣ ወይም ወልዳ የገባችው፣ በባሕር ዛፍ አጣና የተከለለ፣ ከልጇ ጋር እንደ ልብ የምትዞርበት የብቻዋ ጥግ ይሰጣት፤ ሁለትና ሦስት ቀን ከልጇ ጋር ትተዋወቅበት። ሥሩ ደረቅ ጭድ ይነጠፍ፣ ከሌላ በግ በኋላ ጭዱ ይቀየር።

እትብቱን አዮዲን ንከሩት። እናቲቱ ስትልሰው አትረብሿት፤ መላሱ ያደርቀዋል፣ ደሙን ያንቀሳቅሰዋል፣ ሽታውንም ታውቅበታለች። ዋናው ሥራ እንገር ነው። ግልገል ሲወለድ ከእናቱ ማኅፀን የመከላከያ አቅም ይዞ አይመጣም፤ የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው፣ አንጀቱም ይህን የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት። የመንዝ ግልገል ሁለት ኪሎ፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ቢመዝን ነው፤ በመጀመሪያው ጡት ቢያንስ አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ ከዚያም በላይ ማግኘት አለበት። ጡቱ ጫፍ ላይ የደረቀ ነገር ይደፍነዋልና ሁለት ሦስቴ አልባችሁ ክፈቱለት።

በቁር ሌሊት ግልገል ተጋድሞ ካገኛችሁት ጣታችሁን አፉ ውስጥ አስገቡ። አፉ ሞቃት ከሆነና ከጠባ ችግር የለም፤ ከእናቱ ጋር አድርጉት። አፉ ከቀዘቀዘና ካልጠባ ግን ወተት በግድ አታፍስሱበት፤ ወደ ሳንባው ይገባል። አፉ ቀዝቅዞም ራሱን ቀና ማድረግና መጥባት የሚችል ከሆነ በጥንቃቄ ይጥባና ይሙቅ፤ ራሱ የሚወድቅ ከሆነ ቀድሞ ይሙቅ። አድርቃችሁ በአሮጌ ባና ጠቅልላችሁ ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ሰውነቱ ሲሞቅና ጣት መጥባት ሲጀምር ያኔ አጥቡት።

እናቱ የሞተችበት ወይም የገፋችው

ሁለት መንገድ አለ፤ ሌላ እናት ማላመድ ወይም በጡጦ ማሳደግ። በዚያው ቀን ልጇ የሞተባት በግ ካለች ያለ ማመንታት የመጀመሪያውን ምረጡ። በግ ልጇን የምታውቀው በጠረኑ ነው። የሞተውን ግልገል ቆዳ ገፍፎ ለሕያው ግልገል እንደ ካባ ማልበስ፣ ወይም ግልገሉን በእሷው የምጥ ውኃ ማሸት ብዙ ጊዜ ይሠራል። ጠባቧ ጥግ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን አብረው ይክረሙ፣ ከዚያ ቆዳው ይውጣ። ልጇ ከሞተ ብዙ የቆየች በግ ግን ብትይዟትም ትራገጣለች።

በጡጦ ማሳደግ ድካም ነው። የላም ወተት ከበግ ወተት ይቀጥናል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አራትና አምስት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ መቶ ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ለብ ብሎ ይሰጥ። በሃይላንድ ጠርሙስ ላይ የሕፃን ጡጦ ጫፍ መግጠም ይበቃል፤ በየጊዜው ግን በፈላ ውኃ ይታጠብ። ግልገሉ ቆሞ ይጥባ፤ እንደ ሕፃን አታስተኙት። እንገር ካልቀመሰ በጎረቤት ያለች አዲስ የወለደች ላም እንገር ይተካለታል። ሲሞቅ እንደሚረጋ ታውቃላችሁና ሳህኑን ሙቅ ውኃ ላይ አስቀምጣችሁ ብቻ ለብ አድርጉት። የካቲት ላይ ለሚያስወልዱ ክርስቲያን ቤቶች አንድ የሚያግዝ ነገር አለ፤ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለሆነ ላሚቱ ካልነጠፈች ወተቱን ለግልገሉ ማካፈል ይቀላል። በመስከረምና በጥቅምት ግን ልጆችም ትልልቆችም የሚጠጡት ስለሆነ ሌላ እናት ማላመዱ ላይ መበርታት ያስፈልጋል።

የመንዝ አውራ ወይስ የውጭ ድቅል?

ከእስራኤል የመጣው አዋሲና ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ዶርፐር ከመንዝ በግ ጋር ሲዳቀሉ ልጆቻቸው ይገዝፋሉ፤ መኖ ለሚያቀርብና ከተማ አጠገብ ላለ አድላቢ ይህ ጥቅም ነው። ድርቆሹ ለሚያንሰው ቤት ግን መንዝን አልለውጥም። ትንሽ ነው፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ይወልዳል፤ ግን በክፉ ቀን ይቆማል፣ ትልን ይችላል። ድቅል አውራ የምትጠቀሙ ከሆነ ለትልልቆቹና ቀድሞ ለወለዱት ብቻ ስጡት። ቄቦቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያረግዙ ከመንዝ አውራ ይሁን፤ ጠባብ ዳሌ ላላት ቄብ ትልቅ ጭንቅላት ያለው ድቅል ግልገል የምጥ አደጋ ነው፣ በዚያ ሌሊት ደግሞ ባለሙያ በቶሎ አይገኝም።